ጫጫታውን አያስጠርጉት

ጥያቄ፦ «በትርፍ ጊዜዬ ፒያኖ የምማር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አስተማሪዬ ‹የድሮዎቹን ስሚ› እያለ ኮርቶ፣ ሆፍማን፣ ራህማኒኖፍ የሚባሉ ስሞች ይሰጠኛል። ዩቲዩብ ላይ ስከፍታቸው መጀመሪያ የምሰማው ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ዘይት ያለ ጫጫታ ነው። ቀኝና ግራ እጃቸው አብሮ አያርፍም። የተሳሳተ ኖታም እሰማለሁ። ያንኑ ቀረጻ ሁለት ቦታ ሳዳምጠው ደግሞ አንደኛው ፈጠንና ቀጠን ይላል። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጸዳ የተባለ አገኘሁና እሱ ተሻለኝ። እውነት እነዚህ ሰዎች ታላላቅ ነበሩ ወይስ የናፍቆት ነገር ነው? ከየቱ ልጀምር? አንድ ሰው ደግሞ አንድ ካርቶን የድሮ ሸክላ በ150 ዶላር ልሽጥልሽ ብሎኛል። ልግዛ?»

ምላሽ፦ ካርቶኑን አይግዙ። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ስለ ፒያኒስቶቹ አጭሩ መልስ ‹አዎ፣ ታላላቅ ነበሩ› ነው። ነገር ግን እርስዎ እስካሁን የሰሙት በአብዛኛው እነሱን አይደለም። የሰሙት በእነሱና በእርስዎ መካከል የገባውን ሰው ሥራ ነው። ሸክላውን ማን፣ በምን መርፌ፣ በምን ፍጥነት ወደ ኮምፒውተር እንዳስገባው ሳያውቁ በተጫዋቹ ላይ መፍረድ አይቻልም። ብዙ ዓመት የሠራሁት የድሮ ሸክላን ወደ ዲጂታል ማዛወር ነው። ደጋግሜ የማየው ስህተትም ይኸው ነው፤ ሰዎች በቅጂው ተናደው ፒያኒስቱን ይተዉታል።

ከድምፁ እንጀምር። እስከ 1925 ድረስ (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን ነበር። ፒያኖው ትልቅ ጡሩምባ ፊት ይቀመጣል። ከጡሩምባው ጠባብ ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን አለ። ድምፅ ሲመታው ይርገበገባል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር ሰም ላይ ቦይ ይቆፍራል። በቃ፣ ይሄው ነው። ኤሌክትሪክ የለበትም። ለዘፋኝ ይሄ ይበቃ ነበር። የሰው ድምፅ ጡሩምባው ደህና አድርጎ የሚይዘው ክልል ውስጥ ነው። ፒያኖ ግን ተበደለ። የፒያኖ የመጨረሻው ወፍራም ቁልፍ በሰከንድ የሚርገበገበው 27.5 ጊዜ ነው። ጡሩምባው እሱን አይሰማም። ከእሱ በላይ ያሉትን ሁለት ኦክታቮችም በቅጡ አይሰማም። በላይኛው በኩል ደግሞ ለድምፁ ብርሃን የሚሰጡት ስስ ንዝረቶች ተቆርጠው ይቀራሉ። ለዚህ ነው ተጫዋቾቹ ጠንከር አድርገው እንዲመቱ ይነገራቸው የነበረው። በጣም ለስላሳው ነገር ሰሙ ላይ አይቀርማ! በ1910 አካባቢ የተቀረጸ ሸክላ ሰምቶ ‹ይሄ ሰውዬ ለስላሳ መጫወት አይችልም› ማለት በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ ‹ቤቱ ጓሮ የለውም› እንደማለት ነው።

በ1925 ማይክሮፎን መጣ። ለውጡ ትልቅ ነው። ራህማኒኖፍ ከፊላዴልፊያ ኦርኬስትራና ከመሪው ስቶኮቭስኪ ጋር የራሱን ሁለተኛ ኮንቼርቶ (ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ) ክፍሎች በጡሩምባው ዘመን ቀርጾ ነበር። በ1929 ያንኑ ሥራ በማይክሮፎን ሙሉውን ቀረጸው። ሰውየው ያው ነው፤ ኦርኬስትራው ያው ነው፤ መሪውም ያው ነው። አከታትለው ሲሰሟቸው ግን በሩ የተዘጋ ክፍል ድንገት የተከፈተ ይመስላል። ስለዚህ ገና ጆሮዋን የምታለማምድ ሰው ከ1925 በኋላ ካሉት ብትጀምር ይሻላታል። የጡሩምባዎቹ አይሸሹም፤ በኋላ ይደርስባቸዋል።

ወደ ተሳሳቱት ኖታዎች ልምጣ። ሰም ላይ የተቆፈረ ነገር አይቆረጥም፣ አይቀጠልም። ‹እስቲ እንስማው› ተብሎ መርፌ ከተደረገበት ሰሙ ይበላሻል፤ ከዚያ ወዲያ ለማተም አይሆንም። ስለዚህ ተጫዋቹ ምርጫው ሁለት ነው። ወይ እንዳለ ያጸድቀዋል፣ ወይ ከመጀመሪያው እንደገና ይጫወተዋል። የአንድ ትልቅ ሸክላ አንዱ ፊት ደግሞ የሚይዘው አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ፒያኒስቱ ፌሩቺዮ ቡዞኒ በ1919 ለንደን ውስጥ ከተቀረጸ በኋላ ለሚስቱ በጻፈላት ደብዳቤ ምርር ብሎት ነበር። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ቫልስ በአራት ደቂቃ ጨርስ ተብሎ፣ እየቆራረጠና እየጣጣፈ እንደተጫወተው ይነግራታል። እንዲህ ባለ ውጥረት ውስጥ ሆኖ ነው የዚያ ዘመን ሰው ፒያኖው ላይ የሚቀመጠው።

ቴፕ በ1940ዎቹ መጨረሻ ስቱዲዮ ከገባ ወዲህ መቀስ መጣ። ዛሬ የምንሰማው ‹ንጹሕ› ቀረጻ በአብዛኛው ከብዙ ሙከራ ተመርጦ የተቀጣጠለ ነው። ጆሯችን እሱን ስለለመደ የኮርቶ ስህተት ይጎላበታል። አልፍሬድ ኮርቶ ይሳሳታል፤ አልክድም። ዕድሜው በገፋ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል። ግን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የቀረጻቸውን፣ ፕረሉዶች የሚባሉትን የሾፓን አጫጭር ሥራዎች ሲሰሙ ስህተት አይቁጠሩ። እያንዳንዱ ሐረግ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ይከተሉ። ኮርቶ ይናገራል። የት ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የትኛውን ቃል ጫን እንደሚል፣ የትኛውን በለሆሳስ እንደሚያልፍ ያውቃል። ፊደሉን ሁሉ ሳይስቱ የሚያነቡ፣ ግን ምን እያሉ እንደሆነ የማይታወቅ ብዙ ቀረጻዎች ሰምቻለሁ። ከእነሱ ይልቅ የኮርቶን ስህተት እመርጣለሁ።

የሁለቱ እጆች ነገር ግን ከናካቴው ስህተት አይደለም። እዚህ ላይ ጥያቄዎ መገልበጥ አለበት። በዚያ ዘመን ግራ እጅ ባሱን ትንሽ ቀደም አድርጎ ማስቀመጥ፣ ዜማው ተከትሎ እንዲገባ ማድረግ በትምህርት የተገኘ አጨዋወት ነበር። ቪየና ውስጥ ፓዴሬቭስኪን፣ ሽናቤልንና ፍሪድማንን ያስተማረው ቴዎዶር ሌሼቲትስኪ ነው። ረዳቱ ማልቪነ ብሬ በ1902 ባሳተመችው የማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ባሱና ዜማው ሁልጊዜ እኩል መመታት እንደሌለባቸው ተጽፏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፒያኖ ላይ አንድ ላይ የተመታ ነገር አንዱ አንዱን ይሸፍነዋል። ዜማው በጣም ትንሽ ሲዘገይ ግን ብቻውን ይሰማል፤ ያለ ጉልበት ይጎላል። ልማዱ ሩቅ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጀርመናዊው ፒያኒስት ካርል ራይነከ የተወለደው በ1824 ነው። ሾፓን ሲሞት ጎልማሳ የነበረ ሰው ነው ማለት ነው። በ1905 ለአውቶማቲክ ፒያኖ በወረቀት ጥቅል ላይ በተወልን የሞዛርት አጨዋወት እጆቹ እንደዚያው ናቸው። የክላራ ሹማን ተማሪ ፋኒ ዴቪስም የሹማንን ኮንቼርቶ በ1928 ቀርጻለች። የሮበርት ሹማን ባለቤት ፒያኖ ሥር አጠገቧ አስቀምጣ ያስተማረቻት ሴት፣ የሹማንን ሙዚቃ ስትጫወት በጆሯችን መስማት እንችላለን። ይሄንን ሳስበው እስካሁን ይደንቀኛል።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ሰምተው ከሆነ ደግሞ ጆሮዎ ግማሹን መንገድ ሄዷል። እማሆይም በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ የተማሩ ናቸው። በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ የታተሙት ሸክላዎቻቸው ጥቂት ሰው እጅ ነበሩ፤ ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 ሙዚቃቸው እንደገና ሲታተም ነው። አጨዋወታቸው እንደ ሰዓት አይቆጥርም። ቀኙ ይዘገያል፣ ግራው ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱም ተያይዘው ይሮጣሉ። አንድም ሀበሻ ‹እጃቸው አይገጥምም› ብሎ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። ለኮርቶም ያንኑ ጆሮ ያውሱት።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ያንኑ ቀረጻ ሁለት ቦታ ሲሰሙት መለያየቱን ማስተዋልዎ ጥሩ ጆሮ እንዳለዎት ነው የሚያሳየው። ‹የ78 ሸክላ› የምንላቸው ሁሉ በደቂቃ በ78 ዙር አልተቀረጹም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በ74ም፣ በ76ም፣ በ80ም የተቀረጸ አለ። ፒያኒስቱ ራኡል ፑኞ በ1903 ፓሪስ ላይ በቀረጻቸው ሸክላዎች ደግሞ መሽከርከሪያው ራሱ እየተወዛወዘ ስለነበር ድምፁ መሐል ላይ ይዋልላል። በ74 የተቀረጸውን በ78 ቢያጫውቱት ድምፁ ወደ ግማሽ ቶን (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) ተጠግቶ ይቀጥናል። አራት ደቂቃ የነበረውም ወደ 3 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ያጥራል። ጠንቃቃ ሰው የሙዚቃውን ኖታ ያያል፤ በኢ ፍላት የተጻፈ ከሆነ በኢ ፍላት እስኪሰማ ድረስ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ግድየለሹ 78 ላይ አድርጎ ይለቀዋል። እርስዎም ቤት ባለው ፒያኖ ራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። የዚያ ዘመን ፒያኖዎች ቅኝት እንደዛሬው አንድ ወጥ ስላልነበር ጥቂት ልዩነት ቢያገኙ አይግረምዎ። ግማሽ ቶን ከተለየ ግን ቅጂውን ይዝጉት።

ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ሙዚቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ተቀርጾ ከአንድ በላይ ሙከራ የታተመበት ጊዜ ነበር። ሸክላው መሐል፣ ከወረቀቱ አጠገብ የተቧጠጡ ቁጥሮችና ፊደሎች ያያሉ። እነሱ የትኛው ቀረጻ፣ ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ አንዳንዴ ‹አንድ ናቸው› ብለው የሚያወዳድሯቸው ሁለት ቅጂዎች በእውነትም ሁለት የተለያዩ አጨዋወቶች ናቸው።

ጸዳ ስለተባለው ቅጂ በደንብ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ትልቁ አደጋ ያለው እሱ ላይ ነውና። በገናን ያስቡ። የበገናውን ያንን የሚያዝም ድምፅ የሚሰጡት ከአውታሮቹ ሥር የሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች፣ እንዚራዎቹ ናቸው። ስለ በገና ምንም የማያውቅ የማጽጃ ፕሮግራም ‹ይሄ ንዝረት ረብሻ ነው› ብሎ ቢያወጣው በገናው ራሱ ይጠፋል። ሸክላ ላይ ያለ ፒያኖም እንደዚያው ነው። የሸክላው ሺሽታና የፒያኖው መዶሻ ገመዱን የሚመታበት ቅጽበት አንድ ክልል ውስጥ ነው የሚኖሩት። የእያንዳንዱ ኖታ ድምፅ እየሞተ የሚሄድበት ጭራ ደግሞ ሺሽታው ሥር ተሸሽጎ ይቀጥላል። ሺሽታውን ሙልጭ አድርጎ የሚያወጣ ሰው መዶሻውንም ጭራውንም ይዞት ይሄዳል። የሚቀረው ውኃ ውስጥ የተነከረ የሚመስል፣ ክብ ክብ፣ ሁሉም ጣት አንድ ዓይነት የሆነበት ድምፅ ነው። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ይባስ ብለው የጎደለውን በግምት ይሞላሉ። ያኔ የሚሰሙት ሆፍማንን አይደለም። ‹ሆፍማን እንዲህ ሳይሆን አይቀርም› የሚል የማሽን ግምት ነው። ለእርስዎ የተሻለዎት ስለማይጎረብጥ ነው። ለመዝናናት ከሆነ ችግር የለውም። ለመማር ከሆነ ግን ልትማሩበት የፈለጋችሁት ነገር፣ አነካኩ ማለቴ ነው፣ የተወሰደው ከዚያ ላይ ነው።

ጥሩ ባለሙያ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ በደንብ የተጠበቀ ሸክላ ይፈልጋል፤ ካገኘም ሸክላው የታተመበትን የፋብሪካውን የብረት ቅርጽ። ቦዩ ያልተበላበት ቦታ ላይ የሚያርፍ ትክክለኛ ውፍረት ያለው መርፌ ይመርጣል። ፍጥነቱን ያስተካክላል። ጠቅታዎቹን አንድ በአንድ ያነሳል። ሺሽታውን ትንሽ ያለዝባል፣ አያጠፋውም። አሜሪካዊው ዋርድ ማርስተን ዓይነ ስውር ነው፤ በዚህ ሥራ ከእሱ የሚበልጥ ጆሮ አላውቅም። ማርክ ኦበርት-ቶርንም እንደዚሁ የሚታመን ስም ነው። የማርስተን የራሱ ኩባንያ፣ የናክሶስ ኩባንያ የታሪካዊ ቀረጻዎች ክፍል፣ የእንግሊዙ ኤፒአር የሚያወጧቸው ላይ ያዘጋጀው ሰው ስም ይጻፋል። ስም የሌለበት ቅጂ አባት እንደሌለው ወሬ ነው። ላያታልል ይችላል፤ ግን ማን ይጠየቃል?

አንድ ሌላ ማታለያ አለ። ‹ራህማኒኖፍ ራሱ ሲጫወት፣ በዘመናዊ ድምፅ› የሚል ጥርት ያለ ነገር ካገኙ ምናልባት ከወረቀት ጥቅል የተወሰደ ነው። ከ1904 ጀምሮ ቬልተ-ሚኞን የሚባለው የጀርመን ሥርዓት፣ በኋላም አምፒኮና ዱዎ-አርት፣ የተጫዋቹን ጣቶች ጥቅል ወረቀት ላይ በቀዳዳ ይመዘግቡ ነበር። ወረቀቱ አውቶማቲክ ፒያኖ ላይ ሲገባ ፒያኖው በራሱ ይጫወታል። ያንን ዛሬ በጥሩ ማይክሮፎን መቅረጽ ይቻላል። ጫጫታ የሌለው ለዚህ ነው። የትኛው ኖታ መቼ እንደተመታ ደህና መረጃ ይሰጣል። የድምፁ ልስላሴና ጥንካሬ ግን የፋብሪካው ሰዎች የገቡበት፣ በሚያጫውተው ፒያኖ አያያዝም የሚለዋወጥ ነው። ራይነከን የመሰሉ ሌላ ማስረጃ ያልተዉልን ሰዎች ሲሆኑ ጥቅሉ ወርቅ ነው። ራህማኒኖፍን የመሰለ ብዙ ሸክላ ያለው ሰው ሲሆን ግን ሸክላውን ይምረጡ።

የጠፋ ቀረጻ የሚገኝበት ታሪክ በጣም የምወደው ክፍል ነው። አስተማሪዎ ሆፍማንን ማንሳቱ ትክክል ነው። ግን የትኛውን ሆፍማን? ዮዜፍ ሆፍማን በሕይወቱ ያሳተማቸው የመጨረሻ ሸክላዎች በ1923 የተቀረጹ ናቸው፤ የጡሩምባ ዘመን መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ያሳተመው የለም። እነዚያን ብቻ ይዘን ቢሆን ኖሮ ‹ጎበዝ፣ ጥንቁቅ› ብለን እናልፈው ነበር። እውነተኛው ሰው የተገኘው ለሽያጭ ካልተቀረጹ የኮንሰርት ዲስኮች ላይ ነው። በኅዳር 28፣ 1937 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ አዳራሽ ውስጥ አሜሪካ በልጅነቱ የተጫወተበትን 50ኛ ዓመት ሲያከብር የመምህሩን የአንቶን ሩቢንስታይንን አራተኛ ኮንቼርቶ ተጫውቷል። በሚያዝያ 1938 ደግሞ ራሱ ይመራው በነበረው በፊላዴልፊያው ከርቲስ ኢንስቲትዩት አዳራሽ ያቀረበው አለ። በጸጥታ ይጀምርና ድንገት ባሱ ከሥር ሲያገሳ ከወንበርዎ ብድግ ያደርግዎታል። ሸክላዎቹ ላይ ከሚሰሙት ሰው ጋር አንድ መሆኑን ለማመን ይቸግራል።

ራህማኒኖፍም እንዲሁ። በታኅሣሥ 1940 መሪው ዩጂን ኦርማንዲ ቤት ሄዶ፣ ገና ለሕዝብ ያልቀረበውን ሲምፎኒክ ዳንስስ የሚባለውን ሥራውን ፒያኖ ላይ እያሳየው ነበር። ያ ጨዋታ ተቀርጾ ቀረ። እኛ የሰማነው ማርስተን በ2018 ሲያሳትመው ነው። ያቀናበረው ሰው ከኦርማንዲ ሌላ አዳማጭ እንዳለው ሳያስብ፣ ወዲህ ወዲያ እየዘለለ፣ እያዜመ ሲያስረዳ ይሰማል። ከዚያም በፊት፣ ዩሊየስ ብሎክ የተባለ ነጋዴ በ1890ዎቹ ሩስያ ውስጥ በኤዲሰን ማሽን የቀረጻቸው የሰም ሲሊንደሮች ጠፍተዋል ሲባል ኖሮ ሴንት ፒተርስበርግ ማህደር ውስጥ ተገኝተዋል። በ2008 ታተሙ። የቻይኮቭስኪ ድምፅ ሳይቀር አለበት።

እንዲህ ያለ ደስታ ግን ሰውን ያሞኛል። ፒያኒስቱ ዲኑ ሊፓቲ በታኅሣሥ 1950 በ33 ዓመቱ ሞተ። በ1966 የሸክላ ኩባንያው ኢኤምአይ ‹የሊፓቲ ነው› ብሎ የሾፓንን አንደኛ ኮንቼርቶ አሳተመ። ዓለም አደነቀው። 15 ዓመት ሙሉ ሰዎች ‹ይሄ የሊፓቲ አነካክ ነው› እያሉ ሲያወሩለት ከረሙ። በ1981 ተጣራ፤ የተጫወተችው ፖላንዳዊቷ ሃሊና ቼርኒ-ስቴፋንስካ ነበረች። የታወቀችም ናት፤ በ1949 የሾፓንን ውድድር በጋራ አንደኛ ወጥታ ያሸነፈች። የሊፓቲ እውነተኛው ቀረጻ፣ በየካቲት 1950 ዙሪክ ላይ የተጫወተው፣ በኋላ ተገኝቷል። በ2007 ደግሞ በጆይስ ሃቶ ስም የወጡ ብዙ ሲዲዎች ከሌሎች ፒያኒስቶች የተሰረቁ ሆነው ተገኙ። የተነቃባቸው አንድ ሰው ሲዲውን ኮምፒውተር ውስጥ ሲያስገባ ፕሮግራሙ የሌላ ሰው ስም ስላወጣ ነው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ‹ያልታተመ፣ ብርቅ› የሚል ነገር ሲያዩ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተገኘበትን ቦታ ይጠይቁ። ሦስቱም ከሌሉ ለጊዜው አይመኑት።

አሁን ካርቶኑ። በአንድ ካርቶን ውስጥ የሚመጡ የ78 ሸክላዎች በአብዛኛው በሺዎች ቅጂ የተሸጡ የዘመኑ ዘፈኖችና የዳንስ ሙዚቃዎች ናቸው። ብርቅ ፒያኖ ውስጡ የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ቢኖርም ማጫወቻ ያስፈልግዎታል፤ ተራው የሸክላ ማጫወቻ አይሆንም። የኤልፒ (ከ78ቱ በኋላ የመጣው፣ ረጅም የሚጫወተው ሸክላ) መርፌ ለጠባብ ቦይ የተሠራ ነው። የ78ቱ ቦይ ውፍረት ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚሆን ቀጭኑ መርፌ ታች ቆሻሻው ውስጥ ይንከላወሳል፤ ሸክላውንም ይጎዳል። በጥንታዊ ግራሞፎን በብረት መርፌ ማጫወት ደግሞ በእያንዳንዱ ጊዜ ቦዩን ይፍቀዋል።

ቤት ውስጥ የቆየ ሸክላ ካለዎት ግን አንድ ነገር አጥብቄ እነግርዎታለሁ። በአልኮል አይጥረጉት! የድሮው ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል። አንድ ቤተሰብ የአያታቸውን ሸክላዎች ይዘውልኝ መጡ። ቀደም ብሎ አንድ የጥገና ሱቅ ‹አጽድተንላችኋል› ብሎ በአልኮል ጠርጓቸው ነበር። ፊታቸው ነጣ ብሎ ደብዝዟል። መርፌ ሳደርግበት ከሥሩ የሚሰማው ፒያኖ ሩቅ፣ እንደ ጎረቤት ቤት ሆኖ ነበር። ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም። የተጣራ ውኃ፣ ጠብታ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ መሐሉ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ። ከዚያ አቁሞ ማስቀመጥ። በበጋ መኪና ውስጥ አለመተው። ፊቱ እንደ ቀለም የተላጠ ወይም የተሰነጣጠቀ፣ ከሥሩ ብረት የሚታይ ዲስክ ካገኙ ጭራሽ አያጫውቱት፣ አይጠቡትም። ያ አንድ ብቻ የሆነ የግል ቀረጻ ሊሆን ስለሚችል ለማህደር ባለሙያ ያሳዩት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዚያ ዘመን ጀርመን ሄደው የተቀረጹበት ሸክላ ዛሬ የሚሰማው በጥንቃቄ የያዘው ሰው ስለነበረ ነው።

አሁን 150 ዶላሩን ምን ላይ እንደሚያውሉት። መኖሪያዎ ሲልቨር ስፕሪንግ መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ። በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ዓለም አቀፍ የፒያኖ ማህደር አለ። በ1965 ተመሥርቶ በ1977 ወደ ሜሪላንድ የመጣ ነው። የድሮ የፒያኖ ቀረጻ የሚያጠና ሰው ከየአገሩ የሚመጣው እሱን ፍለጋ ነው። አስቀድመው ይጻፉላቸው፤ የየትኛውን ፒያኒስት፣ የትኛውን ሥራ መስማት እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው። ዋሽንግተን የሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ናሽናል ጁክቦክስ በሚለው ገጹ ብዙ የጡሩምባ ዘመን ሸክላዎችን በነፃ ያሰማል። ቀን፣ የቀረጻ ቁጥርና ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ ለማጣራት በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ታሪካዊ ቀረጻዎች ዝርዝር ይጠቅምዎታል።

ማውረድን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1923 በፊት የታተሙ ቀረጻዎች ከጃንዋሪ 1፣ 2022 ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ናቸው። ከ1923 እስከ 1946 የታተሙት ከታተሙበት ጀምሮ 100 ዓመት ይጠበቃሉ፤ ስለዚህ በየዓመቱ መጀመሪያ የአንድ ዓመት ሸክላ ነፃ ይወጣል። የ1930ዎቹ ገና ናቸው። ለእነሱ ገንዘብ ከፍለው የተሠራ ቅጂ ይግዙ።

ከየቱ እንደሚጀምሩ ብዙ አላወዛግብዎትም። ኢግናዝ ፍሪድማን በ1936 የቀረጸውን የሾፓን ኖክተርን፣ ኦፐስ 55 ቁጥር 2፣ በኢ ፍላት። አንድ የሸክላ ፊት ነው። ኖታውን ፊትዎ ያድርጉት። በጆሮ ማዳመጫ አይስሙት፤ ጫጫታውን ጆሮዎ ውስጥ ያስገባዋል። በመካከለኛ ድምፅ በስፒከር፣ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ሺሽታው ይረብሽዎታል፤ ከዚያ ጆሮ ይለየዋል። ዝናብ ላይ ቁጭ ብለን ስናወራ ዝናቡን እንደምንረሳው። በመጀመሪያው ቀን ላይኛውን ዜማ ብቻ ይከተሉ። በሁለተኛው ቀን ግራ እጁን። በሦስተኛው ቀን መሐል ላይ ገብቶ ለዜማው የሚመልስለትን ሁለተኛውን ድምፅ ይፈልጉ። ፍሪድማን በአንድ እጁ ሁለት ሰው ያናግራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። ጸዳ የተባለውን ቅጂ ያኔ እንደገና ይክፈቱትና ያንን ሁለተኛ ሰው ፈልጉት ይበሉ ጆሮዎን።

ከፍሪድማን በኋላ የ1929ኙ ራህማኒኖፍ፣ ቀጥሎ የኮርቶ ፕረሉዶች። ሆፍማንን ወደ መጨረሻ ያቆዩት፤ የ1937ቱንና የ1938ቱን ማለቴ ነው። ቤትሆቨን እየተማሩ ከሆነ ደግሞ አርተር ሽናቤል ከ1932 እስከ 1935 ለንደን አቢ ሮድ ላይ 32ቱንም ሶናታዎች ቀርጿል፤ ሙሉውን በመቅረጽ የመጀመሪያው እሱ ነው። አንድ ሶናታ ሲጀምሩ መጀመሪያ ራስዎ ሁለት ሳምንት ይሥሩበት፣ ከዚያ የሽናቤልን ይስሙ። አስቀድመው ከሰሙት ይቀዱታል፤ እሱን ደግሞ አስተማሪዎ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያውቅብዎታል።